ጋሼ ያልተከተበው ክትባት

መጀመሪያ ያየሁት አክታውን ነው። ጋሼ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ወደ ግቢው ቧንቧ ሲወጣ ይስላል፤ ሁልጊዜም ይስል ነበር። የዚያን ቀን የተፋው ግን አረንጓዴ ነበር፤ ብዙም ነበር። አየውና ውኃ ለቀቀበት። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን መኮንንን ነው። በአሥራ ስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ወሰን ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም እየቀባ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስተማረኝ። ካራ ሰፈር ከእናታችን ጋር ሦስት ሆነን እንኖር ነበር። ከዓመታት በፊት ቲቢ ይዞት፣ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ወስዶ ድኗል። እናቴ ያንን በሽታ በስሙ አትጠራውም። «ያ ነገር» ነው የምትለው።

በዚያው ሳምንት ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤት የሚያወጣውን ዳገት ሦስት ጊዜ ቆሞ ጨረሰው። ትኩሳትም ነበረው። ሐኪም ቤት ይዤው ሄድኩ። ኤክስሬይና ሲቲ ስካን ተነሣ፤ አክታው ተመረመረ። ውጤቱ ሲመጣ እሱ መርፌ እየተወጋ ስለነበር ዶክተሯ ዘንድ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያሉኝን አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ቲቢ የለበትም። ያለው ቲቢው ጥሎት የሄደው ጠባሳ ነው። ብሮንካይክቴሲስ ይባላል፤ የአየር ቧንቧዎቹ ሰፍተው አክታ ይጠራቀምባቸዋል። አክታው ውስጥ ኒሞኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አግኝተናል። ይህ ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይኖራል። በአንተም ሊኖር ይችላል። አንተን ምንም ላያደርግህ ይችላል፤ እሱን ግን ይጥለዋል።»

አንቲባዮቲኩን ይጨርስ አሉ። ትኩሳቱ ሲለቀው፣ ክረምት ሳይገባ፣ የኒሞኮካልና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ይከተብ አሉ። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ለሕፃናት ስለሆነ ለአዋቂ የት እንደሚገኝ በወረቀት ጻፉልኝ። ጉንፋን የያዘው ሰው እንዳይጠጋውም ነገሩኝ። «ገባህ?» ሲሉኝ ገባኝ አልኩ። ግማሹ አልገባኝም ነበር። ደግመው እንዲነግሩኝ መጠየቅ አፈርኩ።

እናቴ በር ላይ ነበር የምትጠብቀን። ጋሼ አልፎ ሲተኛ ምን አሉ ብላ ያዘችኝ።

«ሳንባው ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል አሉ።»

ይኸው ነው ያልኩት። በአንተም ሊኖር ይችላል ያሉትን አልነገርኳትም። ለምን እንደሆነ አሁንም በደንብ አላውቅም። እኔንም እንዳትፈራኝ ይመስለኛል። «ያ ነገር ተመልሶ መጣ በለኛ» አለች። አይደለም አልኳት። አላመነችኝም፤ እኔም አልገፋሁበትም።

በማግስቱ የጋሼ ኩባያ ተለየ። ከዚያ ሳህኑ። እኛ ቤት እንግዳ እንኳ ለብቻው አይበላም፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ ነው የምንቆርሰው። ኩባያው ከሌላው እንዳይቀላቀል እጀታው ላይ ቀይ ክር ያሰርኩት እኔ ነኝ። እናቴ እሰር አለችኝ፣ አሰርኩ። ጋሼ አይቶ ሳቀ። «ታርጋ አወጣችሁላት? ቦሎዋስ የት አለ?» አለ። እኛም ሳቅን። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ምግቡን ይዞ ወደ ክፍሉ መግባት ጀመረ።

ደህና የሆነበት ጊዜም ነበር። አንቲባዮቲኩ ሲያልቅ ትኩሳቱ ለቀቀው፤ አንዲት ነርስ፣ ጋሼ በጎኑ ተኝቶ ጭንቅላቱን ዝቅ ሲያደርግ ጀርባውን በመዳፌ እየመታሁ አክታውን እንዴት እንደማወጣለት አሳየችኝ። ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ባሕር ዛፉ ድረስ አብረን እንሄድ ነበር፤ በየሳምንቱ አንድ ኩርባ እየጨመርን፣ እሱ የሚያልፉትን መኪኖች እያየ የትኛው ተጋጭቶ እንደገና እንደተቀባ እየነገረኝ፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ቀለም የሚመረምር መስሎ እየቆመ። ሥጋ ያዘ። ወደ ጋራዥ ስለመመለስም ማውራት ጀመረ። እናቴ ቤት ስትሆን ግን ጀርባዬን ምታልኝ አይለኝም። ሳሉ እንዳይሰማ አክታውን ይውጠው ነበር።

የክትባቱ ቀን በግንቦት ደረሰ። ልብሱን አዘጋጅቼ ተነሥ እንሂድ ስለው አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል።

«ለማን ነው ክትባቱ?»

«ለአንተ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ለእኔ አይደለም። እናንተን እንዳላስይዝ ነው። ሰው እንዳይነክስ የሚከተበው ውሻ ነው፣ ቢኒ።»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ባክቴሪያው እኔም ጋ ሊኖር ይችላል፣ ክትባቱ አንተን ከእኛ ሊጠብቅህ ነው ማለት ነበረብኝ። እንደሱ አይደለም ብቻ አልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ደብቄ አሁን መናገር አሳፈረኝ። ሌላ ቀን እንሄዳለን አልኩት። አልሄድንም።

በሐምሌ ጉንፋን ያዘኝ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ገርበብ ብሎ ብቻውን ሲበላ አየሁት። ገብቼ ከሳህኑ በላሁ። እያነጠስኩ አጎረስኩት። በጣም ደስ አለው፤ «ታርጋ የሌለው ገባብኝ» አለ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ትከለክለኛለች። የፈራችው ለእኔ ነበር። ለእሱ የፈራ ሰው አልነበረም።

ጋሼ አራት ቀን ደህና ቆየ። ከዚያ አንቀጠቀጠው። ደረቱን ወጋው። ከንፈሩ ጠቆረ። የጋራዥ ጓደኞቹ ሐኪም ቤት ወሰዱን። ኦክስጅን ሰጡት። ኒሞኒያ፣ የሳንባ ምች ነው አሉ። ባክቴሪያው ደሙ ውስጥ ገብቷል አሉ። አንድ ወጣት ሐኪም ተከትቧል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልተከተበም አልኩ። ጻፈው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሼ ሞተ።

ከአርባው በኋላ ወደ ዶክተሯ ሄድኩ። የገደልኩት እኔ ነኝ ወይ አልኳቸው።

«ከማን እንደመጣ ማንም ሊነግርህ አይችልም። ባክቴሪያው በራሱ ውስጥም ነበር። ጉንፋኑ መንገድ ከፍቶለት ይሆናል። ክትባቱም ሁሉንም አያግድም። ዕድል ግን ይሰጠው ነበር።»

የዚያን ቀን ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔኮ አንተን ላተርፍ ነበር» ብቻ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አውርተን አናውቅም።

ላመሰግናቸው የሚገባኝ ሰዎች አሉ። ዶክተሯ አልዋሹኝም። ነርሷ ጋሼን ሳትጸየፍ ደግፋ አስተኝታዋለች። የጋራዥ ጓደኞቹ ሦስቱንም ቀን ከሐኪም ቤቱ በር አልተለዩም።

ቤታችሁ ሳንባው የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ካለ፣ ስለ ክትባት ሐኪሙን ጠይቁ፤ ደህና በሆነበት ጊዜ ውሰዱት፤ ነገ አትበሉ። ለእሱ ሲባል የሚሰጥ መሆኑን ንገሩት። ጉንፋን ከያዛችሁ ራቁት፤ ለምን እንደምትርቁትም ንገሩት። ጤነኛ ስትሆኑ አብራችሁት ብሉ። ሐኪሙ ዘንድ ሁለትም ሦስትም ሆናችሁ ግቡ፤ ካልገባችሁ እንደገና ጠይቁ። እኔን የመሰለ ሰው ብቻውን አትላኩ።