ስለ እህቴ ያቀረብኩት የጸሎት ርዕስ

ባለፈው እሑድ ሆፐርስ ክሮሲንግ በሚባለው የከተማችን ዳር ሰፈር፣ እህቴ ሩት ቤት ምሳ በልተን ቁጭ ባልንበት የአምስት ዓመቱ ልጇ ከጋራዥ ካርቶን ውስጥ አንድ ነገር ጎትቶ አመጣ። ሰማያዊ የጉልበት መጠበቂያ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ በብርማ ክር የተጠለፈ ክንፍ አለው፤ ክሩ እዚህም እዚያም ቢላላም አልተፈታም። «ዋት ኢዝ ዚስ፣ ማም?» አለ። ሩት አየችውና ሳቀች። «የድሮ ዕቃ ነው» ብላ ተቀብላ እግሩ ላይ አጠለቀችለት፤ ለሱ ጭኑ ድረስ ደረሰ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ግን ሳህን ላጥብ ብዬ ኩሽና ገባሁ። ቧንቧውን ከፍቼ የታጠበውን ሳህን መልሼ ሳጥብ ቆየሁ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ሴንት አልባንስ የሚባል ሰፈር ነበር፤ እማዬ፣ ሩትና እኔ። አባታችን ናይሮቢ በስደት ሳለን ስላረፈ እኔ የማውቀው በፎቶ ነው። ሩት በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። እማዬ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራ ስለነበር ፀጉሬን የምትጎነጉነው፣ ምሳዬን የምትቋጥርልኝ፣ ትኩሳት ሲይዘኝ አጠገቤ የምትተኛው ሩት ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ ደብል ሺፍት አለባት። እኛ ደግሞ «ላይብረሪ» እንሄዳለን። እውነት ለመናገር ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት መጽሐፍ አይጠፋም ነበር፤ ለወራት ያልመለስናቸው እነዚያው ሁለት መጽሐፎች።

ላይብረሪያችን ሦስት የባቡር ጣቢያ አልፎ ሰንሻይን ውስጥ ያለ አሮጌ አዳራሽ ነበር። በሩ ላይ መጀመሪያ የሚቀበልህ ሽታው ነው፤ የቺፕስ ዘይት፣ ጡንቻ የሚታሽበት ቅባት፣ ደግሞ ዝናብ የገባበት ምንጣፍ። መሀሉ ላይ በገመድ የታጠረ ሪንግ አለ። እህቴ እዚያ ሬስሊንግ፣ ለተመልካች የሚቀርብ የትግል ትርኢት፣ ትጫወት ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ስትጀምር ወንበር ትደረድርና ወለል ትጠርግ ነበር አሉ። ከዚያ መውደቅ አስተማሯት። መዝለል አይደለም፣ መውደቅ፤ አገጭን ደረት ላይ ለጥፎ፣ ክንድን ዘርግቶ፣ በጀርባ መሬት መምታት። ለወራት ስትወድቅ ከርማ በሁለተኛው ዓመቷ ከማዕዘኑ ምሰሶ ጫፍ ላይ ወጥታ፣ ጀርባዋን ለሪንጉ ሰጥታ፣ አየር ላይ ተገልብጣ የምትወርድ ሆነች። ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ስትወርድ የጣውላው ድምፅ ደረቴ ውስጥ ነበር የሚመታው።

የመድረክ ስሟን ያወጣችላት ሀያት ናት። ሀያት የሩት የልብ ጓደኛ ነበረች፤ ወላጆቿ የወሎ ሰዎች ናቸው፣ እሷ አዲስ አበባ አድጋ በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው የመጣችው። ሃይስኩል አብረው ተማሩ፤ በኋላ ሀያት ፉትስክሬይ አንድ የጨርቅ ሱቅ ተቀጠረች። ሩት በሕፃንነቷ ለመቆም ስትፍጨረጨር እማዬ «ወፌ ቆመች» እያለች ታጨበጭብላት እንደነበር ሰምታ፣ «በቃ፣ ስምሽ ወፌ ነው» አለቻት። ሩት ምሰሶው ጫፍ ላይ ቀጥ ስትል እኔና ሀያት «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» እያልን እናጨበጭባለን። ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ ሙሉ ፈረንጅ፣ ሽማግሌው ከነከዘራው፣ «ወፌ! ወፌ!» ይል ጀመር። ትርጉሙን ማንም አያውቀውም። እኔ ብቻ የማውቀው እየመሰለኝ እንዴት እኮራ እንደነበር!

ልብሷንም የምትሰፋው ሀያት ነበረች። ሌሎቹ ልጆች አጭር አጭር ነገር ሲለብሱ ሀያት ለሩት ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እጅጌው እስከ አንጓ የሚደርስ ሰማያዊ ልብስ ሰፋችላት። «አንቺ ባታፍሪ እኔ አፍርልሻለሁ» ትላታለች፣ ሻሿን እያስተካከለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ይህን የልብስ ነገር ያለ ምክንያት አላነሳሁትም፤ እመለስበታለሁ።

ባቡር ላይ ሀያት ፊደል ታስጠናኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለልጆች መጽሐፍ ቅዱስና አማርኛ ያስተምራል፤ የቤት ሥራው ግን ለኔ ከባድ ነው። ሩት ልትረዳኝ አትችልም። ናይሮቢ በእንግሊዝኛ ጀምራ እዚህም በዚያው ስለቀጠለች አንድም ፊደል አትለይም፤ እስካሁንም አታነብም። ሀያት ግን ጣቴን ይዛ በመስኮቱ ጉም ላይ ታስጽፈኛለች። ፉትስክሬይ ስንሄድ የሐበሻ ሱቆቹን የአማርኛ ታፔላ ጮክ ብዬ እንዳነብ ታደርገኛለች፤ ስሳሳት አትስቅብኝም።

አንድ ቀን ሩትን «አትፈሪም?» አልኳት። ከጨዋታ በኋላ ጓዳ ተቀምጣ፣ ሪንግ ላይ ፀጉሯን ስትጎትታት ከነበረችው ዳኒ ከምትባል ረጅም ልጅ ጋር ሙዝ ተካፍላ ትበላለች። «የምትፈሪ ከሆነ ለዳኒ ፍሪላት፤ ከባዱ የሷ ሥራ ነው» አለችኝ። «እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምዘለው። ከታች ቆማ የምትይዘኝ እሷ ናት። አንድ እርምጃ ብትሸሽ አንገቴ ይሰበራል። ግን አትሸሽም።» ዳኒ የምንለው ባይገባትም ስሟን ሰምታ ሙዟን ከፍ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችኝ።

ከዚያ የጃፓን ነገር መጣ። ከቶኪዮ አንድ አሠልጣኝ መጥቶ ሩትን አይቷት ኖሯል፤ እዚያ ሄዳ ስድስት ወር ብትሠለጥን ከዚያ በኋላ በየአገሩ እየዞረች ልትጫወት እንደምትችል ነግሯታል። ይህን የሰማሁት ከሩት አይደለም። ቅዳሜ በባቡር ስንመለስ ሀያት የማውቅ መስሏት፣ «ለጃፓን አዲስ ልብስ ጀምሬላታለሁ፣ ክንፉ ከትከሻ ይነሳል» አለችኝ። ሩት ደንግጣ አየችኝ። «ልነግርሽ ነበር እኮ ሊዱ» አለች። እስከ ቤት አላናገርኳትም። ለኔ ሳትነግረኝ ለሀያት ነገረቻት! ፀጉሬን ማን ይሠራኛል? ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ሦስት ነን ስል ሁለቱ ብቻ መሆናቸው ነበር።

በማግስቱ እሑድ ክፍል ውስጥ፣ እንደ ወትሮው መምህራችን እትዬ ብርሃኔ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ብለው ጠየቁ። ሁልጊዜ የሁሉም እጅ ይወጣል፤ የአንዱ አያት ቪዛ፣ የአንዷ የሒሳብ ፈተና። እኔ ኖሮኝ አያውቅም። ያን ቀን እጄን አወጣሁ። «እህቴ ጃፓን እንዳትሄድ ጸልዩልኝ» አልኩ። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ የልጅ ጸሎት ነበር፤ ማንም አይፈርድብኝም። እትዬ ብርሃኔ «ጃፓን ደግሞ ምን ልትሠራ?» ሲሉኝ «ለሬስሊንግ» አልኩ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው ያዩኛል። እንደዚያ ታይቼ አላውቅም ነበር፤ ደስ አለኝ። ስለዚህ ጨመርኩበት። «ራቁት ሊባል በሚችል ልብስ ነው የምትታገለው፤ ሰዎች ቢራ እየጠጡ ያዩዋታል» አልኩ።

ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነው ያ ልብስ ሲሰፋ አጠገቡ ተቀምጬ መርፌ ሳቀብል ነበር። አሥር ዓመቴ ነው፤ ግን የትኛው ቃል የት እንደሚያርፍ አሳምሬ አውቃለሁ። ልጅ ነበርኩ ብዬ ራሴን ላጽናና ስል የማልችለው ለዚህ ነው።

እትዬ ብርሃኔ ዓይናቸውን ጨፍነው እያለቀሱ ጸለዩ። ከዚያ ለጸሎት እህቶች ነገሩ። እነሱም ለሌሎች። ማንም አላማም፤ ሁሉም ጸለየ። ማክሰኞ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከዳንደኖንግ፣ አንዲት እማዬ በቅጡ የማታውቃቸው ሴትዮ ደውለው «ዘርፌ፣ አይዞሽ፣ ስለ ልጅሽ በጾም በጸሎት አብረንሽ ነን» አሏት። እማዬ ስልኩን ይዛ «የትኛዋ ልጄ?» ስትል እኔ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። ቀና አላልኩም።

ረቡዕ ከሥራ መልስ ሦስት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጡ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ጋሼ ታደሰ ናይሮቢ ሳለን አባታችንን የቀበሩ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ የሰማነው እውነት ነው?» አሏት ሩትን። «ሬስሊንጉ እውነት ነው ጋሼ። የልብሱ ነገር ግን ውሸት ነው» አለች። ልብሱን አምጥታ ሶፋው ላይ ዘረጋችው። ማንም በደንብ አላየውም። እማዬ ግን የልጇን ሸሚዝ ከኋላ ገልጣ ጀርባዋን አየች። በልዞ ነበር። «እኔ የሰው አዛውንት ሳነሳ ሳስተኛ ወገቤ ሲቆረጥ፣ እናንተ ላይብረሪ!» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። ሩት ብድግ ብላ መሀላችን ቆመች። «ሊዱ ምንም አታውቅም። እኔ ነኝ ዋሺ ያልኳት» አለች።

ሩት ማንም እንዳልመታት፣ ከታች የሚይዛት ሰው እንዳለ ለማስረዳት ሞከረች፤ በአማርኛ ቃል አጣች፣ በእንግሊዝኛ ስትጀምር እማዬ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ አውጥታ አይደለም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ አባታችን የሞተ ጊዜ እንዲሁ ነበር ያለቀሰችው ይላሉ። ሩት ጥቂት አየቻትና «እሺ እማዬ፣ እተወዋለሁ» አለች። ተወችው። ጸሎቴ ተሰማ።

መኝታ ቤታችን ስንገባ ሩት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ከማን እንደሰሙ አልተናገሩም፤ እትዬ ብርሃኔ ልጅ ናት ብለው ስሜን ደብቀውልኛል። «ካንቺና ከሀያት በቀር የጃፓኑን ነገር የሚያውቅ ሐበሻ የለም» አለች። ዓይኗን ዓይኔ ላይ አድርጋ፣ «አንቺ አልተናገርሽም አይደል?» አለችኝ። «ኖ» አልኩ። ወዲያው አመነችኝ። «ያ ሱቅ የሐበሻ ሴት የማይገባበት ቀን የለም። ለአንዷ ነግራት ይሆናል» አለች። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ። ነቀነቅኩ እኮ!

ቅዳሜ ሀያት መጣች። ሩት በመስኮት አይታት «የለችም በያት» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። በሩን ከፈትኩ። ሀያት የላስቲክ ቦርሳ ይዛለች፤ ከውስጡ የአዲሱ ልብስ ብርማ ክንፍ ብቅ ብሏል። «ሩት የለችም» አልኳት። የሩትን ጫማ ከጀርባዬ አይታዋለች። «ሳምንቱን ሙሉ ስልኬን አታነሳም። ሊዱ፣ ምን አደረግኩ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። ራሴን ዳበስ አደረገችኝና ቦርሳውን ይዛ ሄደች። ከመታጠፊያው ስትደርስ ዞር ብላ እጇን አወዛወዘችልኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም።

ይኸው ስንት ዓመት ሆነው። ሩት ዛሬ ሕፃናት ማቆያ ትሠራለች፤ ትዳሯ ጥሩ ነው፣ ትስቃለች፣ ማንንም አትወቅስም። ሰንሻይን ያለው አዳራሽ ፈርሶ አፓርታማ ሆኗል። እማዬ አርጅታ ልቧ ለስልሷል፤ በቀደም ቴሌቪዥን ላይ ጂምናስቲክ የሚሠሩ ሴቶች አይታ «የኔ ልጅ ከነዚህ ትበልጥ ነበር እኮ፤ ምን ነበር አንዴ እንኳ ሄጄ ባያት» አለች። ሩት እናታችንን ግንባሯን ስማ ሻይ ልታፈላ ተነሳች። አሁንም ፀጉሬን ለበዓል የምትሠራኝ እሷ ናት። ስትጎነጉነኝ ከኋላዬ ስለሆነች ፊቴን አታይም።

ያን እሑድ ከኩሽና ስመለስ ልጁ የጉልበት መጠበቂያውን እንዳጠለቀ ሶፋው መደገፊያ ላይ ወጥቶ ነበር። ሩት ከታች እጇን ዘርግታ ቆማለች። «ወፌ ቆመች!» አለችው። ዓይኑን ጨፍኖ ዘለለ። ንቅንቅ አላለችም።

ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ለምን እንደሆነ አልደብቅም፤ ሩት አማርኛ አታነብም። ፈሪ ነኝ። ለእሷ በአፌ መንገር አለብኝ፤ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ። ከእሷ በፊት ግን ይህን ማንበብ የምትችል ሌላ ሰው አለች፤ ያኔ በባቡር መስኮት ጉም ላይ ጣቴን ይዛ ያስጻፈችኝ።

ሀያት፣ በራችን ላይ ቆመሽ ምን አደረግኩ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ምንም አላደረግሽም። የተናገርኩት እኔ ነኝ።