ገናን የሚጠብቀው ሰው

ቡሬ ፀጉር ቤት ተቀምጬ ከቴሌቪዥኑ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሄልሜት ከሄልሜት የሚላተምበት የአሜሪካ ፉትቦል ነው። የአንድ ጡረታ የወጣ ተከላካይ ታሪክ በአማርኛ ይተረካል፤ ታሪኩ ማለት የጣላቸው ሰዎች ናቸው። ኳስ ሲነካ አንዴም አላየሁም።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ፣ ሊበን አጠገብ፣ በገና ዕለት ጤፍ በታጨደበት ማሳ ላይ ገና ሲጫወቱ ነው የሰማሁት። የታችኛው መንደር ተከላካይ አያ ደምሴ፣ የእንጨት ኳሷ፣ ሩሯ፣ አልፋው ከሄደች በኋላ፣ ዱላውን በጎረቤቱ በአያ ሙጬ ቅልጥም ላይ አሳረፈው። ሁለቱ ከክረምት ጀምሮ በማሳ ድንበር ይካሰሱ ነበር። በገና ጨዋታ ለተሰበረ እግር ግን ካሳ አይጠየቅም፤ ሽማግሌም አይቀመጥም።

አያ ሙጬን በቃሬዛ ሲወስዱት አያ ደምሴ ዱላውን እየወዘወዘ ፎከረ። ሰውም አጨበጨበለት። አባቴ ብቻ ምራቁን ተፍቶ፣ «ይኸ ሰው ዓመቱን ሙሉ ገናን ሲጠብቅ ይከርማል» አለ።

እንደኛ በዓል የሚወድ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ጋዜጠኛ ጡረተኛውን ተከላካይ ምን እንደሚናፍቀው ጠየቀችው። «የጨዋታው ቀን» አለ እየሳቀ። «በሌላ ቀን ሰው እንዲያ ብመታ ያስሩኝ ነበር።»

ፀጉር ቆራጩ ምላጩን ከአገጬ አንስቶ፣ «ጨዋታውን እንዴት ቢወደው ነው!» አለ።

እኔ እንኳ እንዲያ ያሰብኩት የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ነበር። ይኸ ግን የሰው ጢም ይላጫል።