ሜድስቶን የነበሩት ኳስ ወርዋሪ

ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ መርዳት ነው። ሜልበርን ከተማ፣ ሜድስቶን በሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁለት ዓመት ያህል ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አጥባቸው፣ አለብሳቸው፣ ቁርሳቸውን እሠራላቸው ነበር። እንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንድም ቀን አንተ ብያቸው አላውቅም።

ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ቀን ስገባ ቁመታቸው አስደነገጠኝ፤ አልጋው አልበቃቸው ብሎ እግራቸው ሥር ወንበር ተጠግቶላቸዋል። ቀኝ ትከሻቸው አይነሳም። ሸሚዝ ሳለብሳቸው ጥርሳቸውን ይነክሳሉ።

"ከየት ነሽ?" አሉኝ።

"ከኢትዮጵያ።"

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። የእነሱ አገር ሰዎች የኢትዮጵያን ስም ሲሰሙ ፊታቸው እንደሚፈካ አውቃለሁ። እሳቸው ግን ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ያን ቀን ሌላ ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ ከእግዜር ይስጥልኝ በቀር አያናግሩኝም። ያስቀየምኳቸው መሰለኝ።

ማን እንደነበሩ የነገረችኝ ሴት ልጃቸው ናት። ከከተማው ወዲያ ዳር ዳንደኖንግ ትኖራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች።

"አባቴ ክሪኬት ተጫዋች ነበር፤ ፋስት ቦውለር" አለችኝ።

እኔ ክሪኬት አላውቅም። ከሩቅ እየተንደረደረ መጥቶ፣ ክንዱን ሳያጥፍ፣ ያቺን እንደ ድንጋይ የጠነከረች ኳስ በሙሉ ኃይሉ የሚለቅ ሰው ማለት እንደሆነ አስረዳችኝ። በጉብዝናው ዘመን ፊቱ መቆም ያስፈራ ነበር አለችኝ። ግድግዳው ላይ ግን አንድ የጨዋታ ፎቶ እንኳ የለም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ "ራሱ ይንገርሽ" አለችኝ።

የነገሩኝ አንድ ዝናባማ የክረምት ጠዋት ትከሻቸውን በቅባት እያሸሁላቸው ሳለ ነው።

"ኳስ መወርወር ያስተማረኝ ጎረቤታችን ነው" አሉ። "ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጸጉሩን ያስረዘመ፣ ያንቺን አገር እንደ መንግሥተ ሰማያት የሚያይ ሰው። እርጥብ አሸዋ ላይ ያስሮጠኝ ነበር። አባት አልነበረኝም፤ እሱ ነበር።"

አድገው ለደሴታቸው ተጫወቱ። ለደሴቶቹ የጋራ ቡድን ግን ሊመረጡ አልቻሉም፤ በዚያን ዘመን ፈጣን ወርዋሪ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ሲጠብቁ ሲጠብቁ ሰዎች መጥተው የተሻለ ገንዘብ ያለበት ሥራ አለ አሏቸው።

"ደቡብ አፍሪካ ሄድኩ" አሉኝ።

"መቼ?"

"ጥቁር እንደ ሰው በማይቆጠርበት ጊዜ። በአፓርታይዱ የተነሳ ዓለም አግልሏት ስለነበር እዚያ ሄዶ መጫወት ክልክል ነበር። ሄድን።"

እጄ ትከሻቸው ላይ ቆመ። አውቀውብኛል። ቀና ብለው ሳያዩኝ ቀጠሉ።

"ሆቴሉ ውስጥ ሻንጣዬን የተሸከመልኝ አንድ ጥቁር ሽማግሌ ነበር። እኔ እንግዳ ስለሆንኩ ከነጮቹ ጋር እበላለሁ፤ እሱ እዚያ ክፍል መቀመጥ አይችልም። ሻንጣዬን አስቀምጦ ሲወጣ አላየኝም። ሊያየኝ አልፈለገም።"

አገራቸው ሲመለሱ እዚያ እንዳይጫወቱ ዕድሜ ልካቸውን ታገዱ። ከእገዳው ይልቅ የጎዳቸው ግን ጎረቤታቸው ነው። መንገድ ላይ ተገናኙ፤ ሰውየው ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። አልሰደባቸውም፤ እስኪያልፉ ድረስ ፊቱን አላዞረም። እሳቸውም አውስትራሊያዊት ሚስታቸውን ይዘው ሜልበርን መጡ፤ ዳንደኖንግ ፋብሪካ ገቡ፤ የትከሻቸው ጅማት እስኪበጠስ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈር ክለብ ወረወሩ።

"ኢትዮጵያ ስትዪኝ እሱ በበሩ የገባ መሰለኝ" አሉኝ። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

እግዚአብሔር ይቅር ይላል ልላቸው አስቤ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን በየእሁዱ እጄን ዘርግቼ የምዘምረው ይህንኑ ነው። ግን ያ ሻንጣ ተሸካሚ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

"ጎረቤትዎ በሕይወት ካሉ ለምን አይደውሉላቸውም?" አልኩ።

ልጃቸው ቁጥሩን በዘመድ በኩል አፈላልጋ አገኘች። እዚህ ጠዋት ሲሆን እዚያ ምሽት ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ድምፁን ከፍተን አስቀመጥነው። የደከመ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። የእኛ ሰው በልጅነት የሚጠሩበትን ስም ተናገሩ።

ከሰውየው በስተኋላ ውሻ ይጮኻል።

"በሕይወት አለህ?" አለ ድምፁ።

"አለሁ። በድዬሃለሁ፤ ይህን ልነግርህ ነው የደወልኩት።"

"እኔን ብቻ አይደለም የበደልከው።"

"አውቃለሁ።"

"እንዳንተ የሚወረውር ልጅ ከዚያ ወዲህ በዚህ የባሕር ዳርቻ አላየሁም" አለ ሰውየው። "ጀርባዬን የሰጠሁህ እያለቀስኩ ስለነበር ነው። አሁንም ከዚህ በላይ ላናግርህ አልችልም። እግዚአብሔር ይጠብቅህ።" ስልኩ ተዘጋ።

ሻይ አምጪልኝ አሉኝ። አመጣሁላቸው፤ ሳይነኩት ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ በገባሁ ቁጥር፣ "ስልክ ጮኾ ነበር እንዴ?" ይሉኛል። አልጮኸም። ምግብ እየቀነሱ ሄዱ፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሆስፒታል ገቡ፤ አልተመለሱም።

ቀብራቸው ላይ ሰው ጥቂት ነበር። የሰፈሩ ክለብ ሽማግሌዎች የክለባቸውን ክራቫት አስረው መጥተዋል። ትከሻው እያመመውም ሰው ጎድሎናል ስንለው መጥቶ ይወረውርልን ነበር ብለው አንዱ ሲያወሩ ሰማሁ። ስለ ደቡብ አፍሪካ ማንም አላነሳም።

ልጃቸው በማግስቱ ለዓሣ አጥማጁ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው የሰውየው የልጅ ልጅ ናት።

"አያቴ የአባትሽን ሞት ከዘመድ ሰምቷል" አለቻት። "ከሰማ ጀምሮ ከክፍሉ አልወጣም። ስልኩን አልቀበልም ብሏል።"

ልጃቸው ስልኩን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። "ይቅር ብሎት ነው ወይስ አላለውም?" አለችኝ።

የአባቷን ሸሚዞች እያጣጠፍን አብረን ተቀመጥን።