የባንግ ሮሳክ ቦርጭ

ሰው በረመዳን ጾሞ ይከሳል፤ ባንግ ሮሳክ ወፈረ። ወይ ጉድ! ሠላሳ ቀን ሙሉ ጠብታ ውሃ ሳይቀምስ እየዋለ፣ በኢድ ማግስት የሥራ ሸሚዙን ቢለብስ የታችኞቹ ሁለት ቁልፎች አልቆለፍ አሉ። ሚስቱ ሚያ አይታው "ወዝ አገኘህ እኮ ባንግ!" ብላ ሳቀች። ምን ታድርግ፣ ወር ሙሉ ማፍጠሪያ ብላ ያቀረበችለት በኮኮናት ወተት የተሠራ የበሬ ወጥና በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጣፋጭ ሩዝ ነበር።

ለሌላ ሰው ቢሆን ቦርጭ ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ያስከብራል። የሮሳክ እንጀራ ግን ያለው ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ነው።

በታይላንድ የኮ ያኦ ኖይ ደሴት ልጅ ነው፤ "ባንግ" የሚሉትም በአገሩ ሙስሊሞች ዘንድ "ወንድም ጋሼ" ማለት ስለሆነ ነው። ከፑኬት ወደብ በየጠዋቱ በምትነሳ መርከብ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካያክ በምትባል ትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ አስጎብኚ ሆኖ ሠርቷል፤ ሚያም የዚያችው መርከብ ወጥ ቤት ናት። መርከቧ እንግዶቹንና በአየር የተነፉትን ካያኮች ጭና ዋሻ ባላቸው ደሴቶች አጠገብ መልሕቅ ትጥላለች። ከዚያ ወዲያ ያለው የአስጎብኚው ፈንታ ነው። ሁለት እንግዳ ፊቱ አስቀምጦ፣ በዋሻው ጨለማ ቀዝፎ፣ ደሴቱ ሆድ ውስጥ ወዳለው ሐይቅ ያስገባቸዋል። ባሕሩ ሲሞላ የዋሻው ጣሪያ ለውሃው ስለሚቀርብ ሁሉም በጀርባው ይተኛል፣ አስጎብኚውም ካያኩ ዝቅ እንዲል ከአየሩ ያስተነፍሳል። ጣሪያው ላይ የተጣበቁት ዛጎሎች እንደ ምላጭ ይቆርጣሉ። የሌላው ሰው አፍንጫ ለጥቂት ይተርፋል። የሮሳክ ሆድ አይተርፍም።

"ባንግ፣ ዛሬም ጣሪያውን ስትጠርግ ዋልክ?" ይለዋል አብሮት የሚቀዝፈው ፋሪት።

"ዝም በል አንተ ሲባጎ! ነፋስ እንዳይወስድህ ለራስህ እወቅበት።"

ካፒቴን ሱቺን ግን መሳቁን ትቷል። "ስማ ሮሳክ፣ እንደምወድህ ታውቃለህ። አንድ ቀን ግን እንግዳ ይዘህ እዚያ ውስጥ ትወተፋለህ። አንዴ ከተጣበቅህ፣ ከማግስቱ ጀምሮ እዚሁ መርከብ ላይ ነህ። ገመድ ታስራለህ፣ ፎጣ ታድላለህ።"

ሮሳክ ክው አለ። ፎጣ! ያን ሐይቅ ሳያይ ከሚውል ቢታመም ይመርጣል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ሐሙስ ነፋሱ ባሕሩን እየገፋ ከሰዓቱ በፊት ሞላው። ሮሳክ የያዘው አንድ አዛውንት ኮርያዊና ሚስታቸውን ነበር። ሲገቡ ደህና ገቡ፤ ሲወጡ ጣሪያው ሆዱን ያዘው። አየር አስተነፈሰ፣ ደግሞ አስተነፈሰ፤ ካያኩ ሟሸሸ እንጂ ወይ ፍንክች! ባልየው ጸሎት ጀመሩ። ሴትዮዋ ግን ዞር አሉና ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው በሁለት እጃቸው ሆዱን ቁልቁል ተጫኑት። ሮሳክ ሳቁ አመለጠው፤ በሳቀ ቁጥር ደግሞ ሆዱ ይበልጥ ይወተፋል። በመጨረሻ በጎኑ ተንከባሎ ውሃው ውስጥ ገባ፣ የካያኩን ገመድ በጥርሱ ነከሰና እየዋኘ ጎትቶ አወጣቸው።

መርከቧ ላይ ያለው ሁሉ አጨበጨበ። ካፒቴኑ አላጨበጨበም። የፎጣ ክምር አምጥቶ ሮሳክ ክንድ ላይ አስቀመጠ።

ሮሳክ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ተቀመጠ፤ እንባው መጣ። ይኼኔ ከውስጥ እንጉርጉሮ ሰማ።

"ሚያ! እኔ ሥራዬን ተቀምቼ አንቺ ታንጎራጉሪያለሽ?"

ሚያ ጭልፋዋን አስቀመጠች። "እውነቱን ልንገርህ? ሆን ብዬ ነው።"

"ምኑን?"

"ሆድህን ነዋ! በዚህች መስኮት ቀዳዳው ሲውጥህ አያለሁ። ከዚያ መቁጠር እጀምራለሁ። ሁለት ሺህ ላይ ትወጣለህ። ሁለት ሺህ መቶ ካለፈ ሽንኩርቱን ትቼ መስኮቱ ላይ እጣበቃለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርኩ! ተው ብለው አይሰማኝም፣ ቀዳዳው ራሱ እምቢ ይበለው አልኩና ሳህንህን ሞላሁት።"

"እኔ ደግሞ ባለሙያ ሚስት ደርሳኝ ነው ብዬ!"

"እሱማ ደርሳሃለች።"

ሁለቱም ሳቁ። ቀጥሎ ሮሳክ ፎጣዎቹን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። "አንድም ቀን ፈራሁ ብለሽኝ አታውቂም።"

"አንተስ አንድም ቀን ነይና እዪው ብለኸኝ ታውቃለህ?"

ሮሳክ የዓለምን ሰው ሁሉ ወደዚያ ሐይቅ አስገብቷል፤ የገዛ ሚስቱን ረስቷታል። አፈረ።

በማግስቱ ጠዋት ባሕሩ ጎድሎ ዋሻው አፉን ከፍቷል። ሮሳክ ሚያን ወደ ሐይቁ ልውሰዳት ብሎ ካፒቴኑን ለመነ። ካፒቴኑ "ሃያ ደቂቃ!" ብሎ ፊቱን አዞረ። ሚያም ከሲታ አይደለችምና ካያኩ ላይ ስትቀመጥ ውሃው እስከ ጠርዙ መጣ።

"ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ለሠርግ የምትሄዱ ከሆነ ሁለተኛ ጀልባ እንጨምር!" አለ ፋሪት።

ጨለማው ሲውጣቸው ሚያ የሮሳክን ጉልበት ጨምቃ ይዛ ጮክ ብላ ቆጠረች። ሦስት መቶ አርባ ላይ ብርሃን ሆነ። ዙሪያው ገደል፣ ከገደሉ የተንጠለጠሉ ዛፎች፣ ከላይ ሰማይ፤ ውሃው ንቅንቅ አይልም። አንዲት ጦጣ ጭቃው ዳር ቁጭ ብላ ዛጎል ትፈለፍላለች። ሚያ ቁጥሩን ተወችው። ከገደሉ እስከ ሰማዩ ቀና ብላ አየች፤ ሮሳክ ፈራ።

"እዚህ ነው የምትውለው?" አለች።

"አዎ።"

"እኔ ሽንኩርት ስከትፍ?"

"...አዎ።"

ዞራ ትከሻውን በመዳፏ ዷ አደረገችው። ከዚያ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ። ጦጣዋ ግን ዛጎሏን አልተወችም።

ሲመለሱ ካፒቴኑ ፎጣውን ይዞ እየጠበቀ ነበር። ሮሳክ አንገቱን ደፍቶ እጁን ሲዘረጋ ሚያ መሀል ገባች።

"ካፒቴን፣ ሁለት ወር ይስጡኝ።"

"ለምኑ?"

"ይሄን ቦርጭ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የማጠፋውም እኔ ነኝ።"

ካፒቴኑ ሆዱን አየ፣ እሷን አየ። "ሁለት ወር። አንዲት ቀን አልጨምርም። እስከዚያ ፎጣ ያድላል።"

ሮሳክ ያን ቀን እየዘፈነ ፎጣ አደለ። ለምሳ ሚያ አንድ ኪያርና የተቀቀለ ቅጠል አቀረበችለት። ሳህኑን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ "ቢስሚላህ" ብሎ ጀመረ።