«በቃ» የማይባልበት ጋራዥ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሀያት ከጋራዡ ጥግ ዝገት የበላው የወተት ዱቄት ጣሳ አንስታ ጆሮዬ ሥር አንቀጫቀለችብኝ። «እማ፣ የምንድነው ይሄ ሁሉ ብሎን?» አለች። ድምፁን ስሰማ ሳልከፍተው አወቅኩት። የአባቴ ላንድሮቨር ጣራ ብሎኖች ናቸው። ጣራውም ያው እላይ ነው፤ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ማንም ሳይነካው ከጋራዡ አግዳሚ ግንድ ላይ ተንጠልጥሏል። ሀያት የመኪናውን ሞተር አሠርታ ጨርሳለች። «ዝናብ ሳይጀምር ቅዳሜ እናወርደዋለን» ብላኝ ሄደች። እኔ ጣሳውን ታቅፌ ቁጭ አልኩ።

ልጅ እያለሁ በጋ ሲመጣ በብረት ጣራ ሥር መንዳት ድስት ውስጥ እንደመቀመጥ ነበር። የጋምቤላን የየካቲት ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። አባቴ ከወሎ መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው፤ በዚያ መኪና ጨውና ሳሙና ወደ ገጠር ያመላልስ ነበር። ሙቀቱ ሲጠና መኪናውን ጋራዥ ያስገባና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ይፈታል። ጣሳውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ብሎኑ ጣሳው ውስጥ ሲወድቅ ቂው ይላል፤ እኔ እቆጥራለሁ፣ አስር ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል፣ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ከዚያ ጣራውን ከፊትና ከኋላ በገመድ ያስሩትና ገመዱን በግንዱ ላይ አሳልፈው ይጎትታሉ። ፊቱን አባቴ፣ ኋላውን ጋሽ ኡኬሎ። ጣራው ስንዝር ያህል ብድግ ሲል ገመዱን ምሰሶ ላይ ያስሩታል፤ አባቴ መኪናውን ከሥሩ ነድቶ ያወጣና ሸራ ያለብሰዋል። ጣራው እስከ ግንቦት እዚያው ተሰቅሎ ይከርማል።

ጋሽ ኡኬሎ ጎረቤታችን ነው፣ አኙዋክ፣ ባሮ ላይ መረብ የሚጥል ዓሣ አጥማጅ። አማርኛን ያወቀው ካደገ በኋላ ስለሆነ ለእሱ ሰው ሁሉ «አንተ» ነው። እኔንም «አንተ ልጅ፣ ና» ይለኛል። እናቴን «አንተ ፋጡማ» ሲላት «እንዲያውም ጢም ነው የቀረኝ!» ትልና ትስቃለች።

ያ የተሰቀለ ጣራ ለእኔ ቤቴ ነበር። ሥሩ ጆንያ አንጥፌ እቃቃ እጫወታለሁ። የቤንዚን ሽታ፣ የጋለ ቀለም ሽታ፣ ከውጭ ደግሞ የበሰለ ማንጎ ሽታ ይመጣል። ቀና ብዬ «ሆ!» ስል ጣራው «ሆ!» ብሎ ይመልስልኛል። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጬ የተማርኩት ሁሉ ሲጠፋኝ፣ ያ ድምፅ ግን አልጠፋኝም።

ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ግንቦት ገባና ጣራውን የሚያወርዱበት ቀን ደረሰ። የሌሊት ወፍ አበላሽቶት ስለነበር መጀመሪያ መሬት አውርደው ሊያጥቡት ነበር። «ውጪ» ተብዬ ወጣሁ። ግን የእቃቃ ጣሳዎቼና የተሰበሩ ሰሃኖቼ እዚያው ቀሩ። ሊደፈጥጡብኝ ነው ብዬ ተመልሼ ሮጥኩ።

አባቴ አየኝ። «በቃ! በቃ!» ብሎ ጮኸ።

ጋሽ ኡኬሎ ከምሰሶው ጀርባ ስለነበር አላየኝም። ሁልጊዜ ጣራው መኪናው ላይ ልክ ሲያርፍ አባቴ የሚለው «በቃ» ነው፤ ያኔ ገመዱ ይለቀቃል። ስለዚህ ለቀቀ። የኋላው ጎን እየተምዘገዘገ ሲመጣ ጮህኩ። ጩኸቴን ሲሰማ የሚሮጠውን ገመድ በባዶ እጁ ጨበጠው። ገመዱ ትንሽ ይዞት ሄደና ቆመ። ጣራው ከጭንቅላቴ በላይ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። አባቴ የራሱን ገመድ አስሮ፣ ከሥሩ ስቦ አወጣኝ። ከዚያ ሄዶ ከጋሽ ኡኬሎ እጅ ገመዱን ሲቀበለው ገመዱ ደም ነበር። ኋላውን መሬት ሲያስነካው ሰሃኖቼ ሥሩ ሲደቁ ሰማሁ።

የአባቴ ድንጋጤ በቁጣ ነው የወጣው።

«በቃ አልኩህ እኮ!»

«በቃ አልክ፣ ለቀቅኩ!»

«በቃ ማለት ቁም ማለት ነው!»

«ሁልጊዜ በቃ ስትል እለቃለሁ። ዛሬ በቃ ሌላ ሆነ? ይሄ አማርኛ የማን ነው፣ ያንተ አይደለም?»

እናቴ ጩኸቱን ሰምታ መጥታ ነጠላዋን ቀድዳ የጋሽ ኡኬሎን መዳፍ ስትጠቀልል ማንንም ቀና ብላ አላየችም። አባቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ያንተ ጥፋት የለም፣ ወንድሜ። የኔ አፍ ነው» አለው። ጋሽ ኡኬሎ እኔን አየኝና «አንተ ልጅ፣ ሰሃን ተረፈ?» አለኝ። አንዱም አልተረፈም። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ክረምቱን ሙሉ መረብ መጣል አልቻለም። አባቴ በየማለዳው ቤቱ እየሄደ እጁን ያጥብለት ነበር። ጋራዡ ውስጥ «በቃ» ማለት ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ። ለማስቆም «ቁም»፣ ለመልቀቅ «አርፏል» ሆነ። እንግዳ እንኳ ማዕድ ላይ «በቃኝ» ሲል እኔና አባቴ እንተያይ ነበር። እኔም ልጅ ወልጄ እስካሳድግ ያንን ቃል ጮክ ብዬ አላልኩም። ሀያት ስታለቅስ «በቃ፣ በቃ» ብዬ አላባበልኳትም፤ «እሺ፣ እሺ» ነበር የምላት።

ቅዳሜ ደረሰ። ሀያት ከምታውቀው ጋራዥ የሰንሰለት ማንሻ ተውሳ መጣች። የጋሽ ኡኬሎ ልጅ አሪየትም ልታግዛት መጣች። «እማ፣ ይሄ ብትለቂው እንኳ አይወርድም፣ ራሱ ይይዛል» እያለች ሀያት አሳየችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን ምሰሶውን ይዤ ቆምኩ፤ ሀያት መኪናው ጎን ላይ ቆማ ጣራው ወደ እሷ ሲወርድ ላየው አልቻልኩም። አይኔን ወደ በሩ መለስኩ።

በሩ ላይ ጋሽ ኡኬሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አርጅቷል፣ አይኑም ደክሟል። «እኔ ልይ ብቻ» ብሎ ነው የመጣው። ሁለት እጆቹ ጉልበቱ ላይ ተጨብጠዋል። የሌለ ገመድ ይዟል። ላብ በግንባሩ ይወርዳል። በእኛ ጊዜ ጣራውን የሚይዘው የሰው መዳፍ ነበር፣ ዛሬ ሰንሰለት ይይዘዋል፤ ሰንሰለቱ ይሻላል፣ አውቃለሁ። ግን ሰንሰለት «ሰሃን ተረፈ?» ብሎ አይጠይቅም።

ጣራው መኪናው ላይ ሲያርፍ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ አየሁ፤ ሀያትና አሪየት እየሳቁ ብሎን ከጣሳው ያነሳሉ። ጋሽ ኡኬሎ ግን እጁን አልፈታም።

«አንተ ልጅ» አለኝ፤ «በቃ?»

አጠገቡ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ።

«በቃ፣ ጋሽ ኡኬሎ» አልኩት። «በቃ።»

ያኔ ለቀቀ።