ይርጋ ቀድሞ ሊሰማው የነበረው አልበም

አላመንኩም። ጓደኛችን ሃያት ጠዋት ደውላ «ይርጋ…» ብላ ዝም ስትል፣ መኪና አጋጭቶ ይሆናል ብዬ ነበር ያሰብኩት። ቀጥላ «ኢና ሊላሂ» ስትል ነው የገባኝ። ገብቶኝም ግን ስልኩን ዘግቼ ለይርጋ ደወልኩ። ጠራ። የሚያነሳው ጠፋ።

ለማታውቁት፣ ይርጋ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ከጃፓን ተገዝተው በሶማሌላንድ በርበራ ወደብ የሚራገፉ ያገለገሉ መኪኖችን እየነዳ ሀርጌሳ ላሉ ነጋዴዎች የሚያስረክብ ሾፌር ነበር። ትናንት ምሳ በልቶ ወደቡ አጠገብ በተከራየው ክፍል ጋደም እንዳለ ቀረ። ልቡ ነው አሉ።

ሥራዬ እዚሁ ሀርጌሳ ጋዜጣ ላይ ነው። የብዙ ሰው የሞት ዜና አርሜያለሁ። ስለ ይርጋ «ነበር» ብዬ ስጽፍ ግን እጄ እንቢ ይለኛል።

የተዋወቅነው በርበራ ነው። ለዘገባ ወርጄ መመለሻ አጥቼ ስቆም፣ አዲስ የተራገፈ መኪና ይዞ ሲወጣ አሳፈረኝ። ሌሎች ሾፌሮች መጀመሪያ የሚያዩት ነዳጁን ነው። ይርጋ ግን መጀመሪያ የሚነካው ቴፑን ነበር፤ ጃፓናዊው ባለቤት የረሳው ሲዲ እንዳለ ለማየት። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። አልፎ አልፎ የልጆች መዝሙር ይገኛል። መንገድ የምትመራው የጃፓን ሴት ድምፅ ከዳሽቦርዱ ስትናገር ደግሞ በትሕትና ይመልስላታል፦ «እሺ እመቤቴ፣ ግን እዚህ መታጠፊያ የለም።»

ያን ቀን ቴፑ አንድ ሲዲ ተፋ። ላዩ ላይ አምስት ሰዎች አሉ፤ ፀጉራቸው እንደ አውራ ዶሮ ኩክኒ የቆመ፣ ዓይናቸው ኩል ተኩሎ የጠቆረ። ወንዶች ይሁኑ ሴቶች አላወቅንም። መልሶ ከተተው። ጊታሩ እንደ ማዕበል መጣ፤ ከዚያ ድንገት ፒያኖ ብቻ ቀረ። የሀርጌሳን ዳገት እስክንጨርስ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው አስጀመረው።

የባንዱን ማንነት ያገኘችልን ሃያት ናት። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር የስልክ ዕቃ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ሥዕሉን በስልኳ ፈልጋ፣ ይህ ጃፓኖች «ቪዥዋል» የሚሉት ሮክ መሆኑን፣ ወንዶች መሆናቸውንና ባንዱ ከፈረሰ መቆየቱን ነገረችን። ለይርጋ የመጨረሻው ነገር ከባድ መርዶ ነበር። ሃያትን ግን ያሳሰባት ኩሉ ነው፤ ያን ያህል እያላባቸው እንዴት እንደማይወርድ።

እንዲህ ሆነን በዚህ ከተማ ሦስት ሰዎች የአምስቱ አፍቃሪ ሆንን። የባንዱን ስም በትክክል መጥራት ስላቃተን «አምስቱ» ነበር የምንላቸው።

ይርጋ አልበም የሚመዝነው በመንገድ ነው። ከበርበራ ሙቀት ተነስቶ ሀርጌሳ ብርድ እስኪገባ ድረስ ያልሰለቸው አልበም ጥሩ አልበም ነው። የማይረባውን «ደአርቡዱቅ አይደርስም» ይለዋል። ደአርቡዱቅ የመንገዱ አጋማሽ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሃያት ሱቋ የሚመጡ የትዳር ጠያቂዎቿን ሳይቀር በዚሁ ቃል መመዘን ጀምራ ነበር።

ከዚህ አንድ ደንብ ወጣ። አዲስ ነገር ስናገኝ መጀመሪያ ይርጋ መንገድ ላይ ይሰማዋል፤ እሱ አስተያየቱን ሳይናገር እኛ አንሰማም፣ አንናገርም።

አጥብቀን የተከራከርነው አምስቱ ፊታቸውን ታጥበው፣ ተራ ሸሚዝ ለብሰው ባወጡት አልበም ላይ ነው። እኔ ከሜካፑ ጋር ድፍረታቸውም ታጥቧል አልኩ። ሃያት ከሃዲዎች አለቻቸው። ይርጋ ብቻ ቆመላቸው። «ጋሼ» አለኝ፣ «ሰው ሲደክመው ይታጠባል። ድምፁን ስማው፣ ፊቱን ተውለት።» እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ዛሬ ያን ክርክር እንደገና ብጀምረው እላለሁ፣ በሙሉ ልቤ ብሸነፍ።

ባለፈው ሳምንት አምስቱ ተመልሰው አዲስ አልበም አወጡ። አርጅተዋል፤ ኩሉን ግን መልሰው ተኩለዋል። ሃያት በፍላሽ ገልብጣ ሰጠችው፤ ወደ በርበራ ሲወርድ ይዞት ሄደ። መኪናው ከጉምሩክ እስኪለቀቅ ሲጠብቅ ድምፅ ላከልን፤ መጥቶ ሳይነግረን እንዳንሰማ አደራ አለ። ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበር። የዚያን ያህል የጓጓበት ነገር ትዝ አይለኝም።

ዛሬ ረፋድ ላይ ባልደረባው ሞገስ ከበርበራ ደወለ። የይርጋን ዘፈን ሁልጊዜ «ይሄ ሙዚቃ ነው የፍሬን ጩኸት?» የሚል ሰው ነው። ይርጋ ሊያመጣለት የነበረውን ሚኒባስ ነጋዴው አስከሬኑ እንዲጫንበት ፈቅዷል፤ የሚነዳው ሞገስ ነው። ይህን ነግሮኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ፍላሹ ኪሱ ውስጥ ነበር። መንገድ ላይ ልክፈትለት?»

አስከሬን ይዞ ሙዚቃ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። አገር ቤት ሊወስደው ወጃሌ ድንበር ላይ የሚጠብቀው ታላቅ ወንድሙ ቢሰማ ምን ይላል? ሃያት አጠገቤ ስታለቅስ ነበር። ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ክፈትለት፣ ቀስ አድርገህ» አለችው።

እኔ የጨመርኩት እስከ ሀርጌሳ ብቻ እንዲሆን ነው። ከዚያ ወዲያ የቤተሰቡ ነው።

አሁን ይህን ስጽፍ ዳገቱን እየወጡ ነው።

ይርጌ፣ እኔም ሃያትም አልሰማነውም። ደንባችን እንዳለ ነው፤ ቀድመህ የሰማኸው አንተ ነህ፣ ቀድሞ መናገርም ያንተ ነው። ከተማው መግቢያ ላይ ቆመን እንጠብቅሃለን። የሚኒባሱ በር ሲከፈት ምንም እንደማትለን አውቃለሁ። ቢሆንም ካንተ ቀድመን አንናገርም።

ደህና ግባ፣ ወንድሜ።