በካሴቱ ጀርባ

ሙዚቃዬን የምቀዳው ሺኩን ቫቲኪም በሚባለው ሰፈር፣ ወላጆቼ ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ባለው ሚክላት ውስጥ ነው። ሲሬኑ ሲጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ወርዶ የሚጠለለው እዚያ ነው፤ በሌላው ጊዜ አሮጌ ብስክሌቶችና የኔ ድራም ይኖሩበታል። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ድምፅ አያወጣም ብዬ ተማምኜ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሩሲያዊት ሴትዮ ግን እናቴን ደረጃ ላይ አስቁመው፣ ልጅሽ ታሟል ወይ ብለው ጠየቋት። እናቴም አልታመመም፣ ሥራው ነው አለቻቸው።

እንጀራዬ እንኳ ሌላ ነው። ቀን ቀን ራማት ፖሌግ ወደሚባል ሰፈር እየሄድኩ በሰው ግድግዳ ላይ መዝጋን የሚሉትን የአየር ማቀዝቀዣ እሰቅላለሁ፤ ቤቱን አቀዝቅዤላቸው እኔ በላብ ተጠምቄ እመለሳለሁ። ከሥራ መልስ ወደ ሚክላቱ እወርዳለሁ። የምጫወተው ሜታል ነው። ጊታሩም ድራሙም ጩኸቱም የኔው ነው፤ ከሰው ጋር መጫወት ሞክሬ በየልምምዱ ስለተጣላሁ ትቼዋለሁ። ግጥሞቼ አማርኛ ናቸው። ግን ከጉሮሮ ሥር እየተጎተቱ ስለሚወጡ፣ አማርኛ ጥርሱን የነቀለበት ሰው እንኳ አንዱን ቃል ከሌላው አይለይም።

በዚህ ዘመን ለምን በካሴት ታወጣለህ የሚለኝ ብዙ ነው። በስልክ የሚሰማ ሰው ትንሽ ይቀምስና ወደ ሌላው ያልፋል። ካሴት ግን አስቀምጦ ያስጠብቃል፤ ዘልዬ ልሂድ ብትል እንኳ እያንጫጫ ነው የሚያሳልፍህ። ደግሞ በእጄ መሥራት ደስ ይለኛል። ሽፋኑን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ በእናቴ ጠረጴዛ ላይ በመቀስ እቆርጣለሁ፤ እናቴም ጠማማ ቆረጥክ እያለች ታርመኛለች። የማባዛበት ማሽን ለአዲስ ገቢዎች ዕብራይስጥ ያስተምር ከነበረ አንድ የተዘጋ ኡልፓን የወጣ ነው። ከባድ ነው፣ ይሞቃል፣ የካሴቱን ፊትና ጀርባ ባንድ ጊዜ ይገለብጣል። ማን ያውቃል፣ አባቴ "ሻሎም፣ ማ ሽሎምኻ" ማለትን የተማሩት በዚሁ ማሽን ከተባዛ ካሴት ይሆናል።

እኔ ግን የምሞላው ፊቱን ብቻ ነው። ጀርባውን ባዶ እተወዋለሁ፤ የገዛው ሰው የፈለገውን ይቅዳበት ብዬ ነው። ገዢዎቼ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ውጭ አገር ያሉ፣ እንደኔው ጩኸት የሚወዱ ሰዎች ናቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ እንዲሰማኝ የምፈልገው ሰው ያለው ከራሴ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ ከጎንደር በእግራቸው ሱዳን ገብተው፣ ከዚያ ነው ወደዚህ የመጡት። ያ መንገድ እኛ ቤት አይነሳም። ልጅ ሆኜ ስጠይቃቸው "አለፈ" ይሉኝና ዜናውን ድምፅ ይጨምሩበታል። የመጨረሻው ካሴቴ ሙሉ በሙሉ ስለዚህ ነበር፤ ወሬ ስለማይወራበት ቤት። አባቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴ ሰምተውት አንድ ቃል እንዲነግሩኝ ፈለግሁ። አልወደድኩትም ቢሉኝ እንኳ ይበቃኝ ነበር።

አንድ ልማድ አለኝ። አባቴ ዘንድ ከኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ድምፅም የሚቀዳ የካሴት ማጫወቻ አለ፤ ከሱ የባሰ ድምፅ ያለው ነገር አላውቅም። ዋናውን ካሴት ከማባዛቴ በፊት እዚያ ላይ እሞክረዋለሁ፤ በሱ ላይ ከተሰማ የትም ይሰማልና። የመጨረሻውን ካሴቴን በጨረስኩበት ሳምንት እንደልማዴ ሞከርኩትና ሆን ብዬ ውስጡ ተውኩት።

"አባ፣ ሲመችዎ ይስሙት" አልኳቸው።

"እሺ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ።

ዓርብ ስመለስ ካሴቱን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልለው ሰጡኝ።

"እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"ስማው" አሉኝና ለሰንበቱ ጸሎት፣ ለቂዱሽ፣ ሊታጠቡ ገቡ።

ስማው? የሠራሁት እኔ፣ የምሰማው እኔ? ምን ትጠይቀኛለህ ማለታቸው መሰለኝ። ተናደድኩ። ሻባት እንደወጣ ወርጄ በንዴት ካሴቶቹን አባዛሁ፤ እንደ ሁልጊዜው ፊቱን ብቻ አዳምጬ አረጋገጥኩና በሳምንቱ ወደየአገሩ ላክኋቸው።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ከበደኝ። በየሻባቱ ማዕድ ላይ አባቴ ቀና ብለው ያዩኛል፤ እኔም ቀና ብዬ አያቸዋለሁ፤ ሁለታችንም ወደ ሳህናችን እንመለሳለን። የምናገረው አጥቼ ስለ መዝጋን አወራለሁ። አንድ ቀን አባቴ ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡና፣

"ያን ካሴት አልሰማኸውም?" አሉኝ።

"መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ እኮ፣ አባ" አልኳቸው።

እጃቸውን ታጥበው ወደ መኝታቸው ገቡ። እናቴ ምን ሆንክ በሚል ዓይን አየችኝ። እኔ ምን አጠፋሁ ብዬ በሆዴ ተከፋሁ።

ፊንላንድ ያለ አንድ ገዢ በስልኬ የጻፈልኝ ከዚህ በኋላ ነው። ሙዚቃው ጥሩ ነው አለ፤ ከሁሉ የወደድኩት ግን ጀርባው ላይ ያሉትን ሽማግሌ ነው፤ ጸሎት ነው የሚያደርጉት? ብሎ ጠየቀኝ። ሰውየው ካሴት ተምታቶበታል ብዬ ሳቅሁ። ቢሆንም ከተረፉኝ ካሴቶች አንዱን አነሳሁና ገልብጬ ከፈትኩት።

መጀመሪያ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ቀጥሎ ጉሮሮ ሲጠረግ። ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ።

"እንደምን ሰነበትህ፣ ልጄ። እኛ ደኅና ነን፤ እናትህም ደኅና ናት።"

የዚያኑ ሰሞን አብረን ምሳ የበላን ሰዎች ነን! ግን ወዲያው ገባኝ። ድሮ እዚህ የገቡትና ጎንደር የቀሩት ዘመዶች የሚጠያየቁት በካሴት ነበር፤ መጻፍ የሚችል ጥቂት ነበርና። አንዱ ፊቱ ላይ ይናገራል፤ የደረሰው ሰው ጀርባው ላይ መልሱን ሞልቶ በመንገደኛ እጅ ይመልሳል። ለአባቴ ጀርባው ባዶ የሆነ ካሴት መልስ የሚጠብቅ መልእክት ነው። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ አንድ ሰጥቻቸዋለሁ።

"ቃልህን እስከ መጨረሻው ሰማሁ" አሉ አባቴ። "ጩኸቱ በዛብኝና አልለየሁትም። ደግሜ ሰማሁ፤ አሁንም አልለየሁት።" እንደገና ወንበሩ ተጎተተ። "ሱዳን ሳለን መጮህ አይቻልም ነበር። ማን እንደሆንን እንዳይታወቅብን። ታናሽ እኅቴ የሞተች ለት እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነው ያለቀሰች። እኔም አብሬ ዝም አልሁ። ከዚያ ወዲህ ጮሆ የሚያለቅስ ሰው ባየሁ ቁጥር ቅናት ቢጤ ይይዘኛል። አንተ ትጮሃለህ፤ ጩህ። ይህ ሁሉ ጩኸት በእኔ የመጣ ከሆነ ግን ንገረኝ። ምን በደልሁህ? መልስህን እጠብቃለሁ።"

ከኋላ የእናቴ ድምፅ ተሰማ። አባቴም፣ "እናትህ ለጉሮሮህ ማር ላስበት ትላለች" አሉና ማጫወቻው ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

አለቀስኩ። አክስት እንደነበረችኝ አላውቅም ነበር። ምን በደልሁህ ብለው ጠይቀውኝ፣ እኔ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ ብዬ ስለ መዝጋን ሳወራላቸው ሰንብቻለሁ።

አባቴን ያገኘኋቸው ከሕንፃው በር ፊት ለፊት፣ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ነው። ብቻቸውን ነበሩ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አባ፣ ጀርባውን ገና ዛሬ ሰማሁት። እንዳለበት አላወቅሁም ነበር።"

"ቆየህ" አሉኝ።

ሳላውቅ አባዝቼ ለማላውቃቸው ሰዎች እንደላክሁትም ነገርኳቸው። ይህን ስናገር ፈራሁ። አገጫቸውን ይዘው አሰቡ።

"አማርኛ ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

"በሴደር፤ እንግዲያስ ምንም አይደል።" ቀጥለውም፣ "መልሱስ?" አሉኝ።

በእርስዎ አይደለም ልላቸው ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። ግን እያዩኝ መዋሸት አልቻልኩም።

"በእርስዎም ነው፣ ትንሽ" አልኳቸው። "ምንም ነግረውኝ አያውቁም።"

አልተቆጡም። ወደኔ ጠጋ አሉ።

"አሁን እኮ ነገርሁህ" አሉኝ። "ለፈረንጁ ሁሉ ደርሶ፣ ላንተ ነው ያልደረሰው።"